የማክሰኞ ውሃ

መኪና የሚፈቀድልኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤
ሾፌሩ ጋሽ ወርዶፋ፣ ጥድፊያ የማይለቀው።
ከቃሊቲ ወዲያ፣ ከገላን በመለስ፣
አስፋልቱን ጨርሰን ወንዙ ዳር ስንደርስ፣
ጓንቴን አጠልቃለሁ፤
ግማሽ ሊትር አቃቂ በእርጋታ ቀድቼ፣
“ነጥብ ሰባት” ብዬ ጽፌ፣ በረዶ ውስጥ ከትቼ፣
ክዳኑን እዘጋለሁ።

ሁለት አማካሪ አለኝ፣ በሁለት ሕንጻ ላይ፤
እሱ ኬሚስትሪ፣ እሷ ሕግ፤
በመሃል ሰፊ ሜዳ፣ በሜዳው ላይ ፀሐይ።
እሱ፦ “ቁጥሩን አምጪ፤ ክሮሚየሙ ስንት ነው በሊትር?”
እሷ፦ “አንቀጹን አምጪ፤ ማን ነው ፈቃድ ሰጪ? ማን ነው የሚቆጣጠር?”
እሱ፦ “ሕግ ውሃ አያጠራም።”
እሷ፦ “ቁጥር ችሎት አይቆምም።”

“ሁለት ባላ ትከዪ” ይለኝ ነበር አባቴ፤
ተከልኩ በጉልበቴ፤
አንዱም አልተሰበረ፣ አንዱም አልጸና፣
አራት ዓመት ሞላኝ፣ በሁለቱ መሃል
ተንጠልጥዬ ሳጠና።

አዴ ዲንቂቱ ግን፣ ከጎመን መደቧ ቀና ብላ አየችኝ፤
አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብላኝ ኖራ፣ ያን ለት ጠየቀችኝ፦
“ትርሲት፣ ልጄ፣ ሁልጊዜ ማክሰኞ ለምን ትቀጃለሽ?
ማክሰኞ ከዚህ ውሃ ምን ታገኛለሽ?
ቅዳሜ ሌሊት ነው ፋብሪካው የሚለቅ፤
እሑድ ነው አረፋው እንደ በግ ጸጉር ተከምሮ፣
የእንቁራሪት ድምፅ ከወንዙ የሚርቅ፤
ሰኞ መጥራት ይጀምራል፤
ማክሰኞማ ወንዙም
ገላውን ታጥቦ እንግዳ ይጠብቃል።”

ሁለት መቶ ስምንት ጠርሙስ። ሁሉም ማክሰኞ።

ግራፌ ላይ ወንዙ፣ ከወሰኑ በታች፣
እንደ ጨዋ ልጅ እጁን አጣጥፎ፤
በየሳምንቱ አንድ ነጥብ፣
ዜሮ ነጥብ ዜሮ ምናምን ተጽፎ።

ቅዳሜ ለእሑድ፣ ባጃጅ ተኮናትሬ፣
የአባቴን ባትሪ ከካፖርቴ ሥር ሰውሬ፣
ያለ ትብብር ደብዳቤ፣ ያለ ጋሽ ወርዶፋ መኪና፣
ከአዴ ዲንቂቱ ጋር ጎመኑ ዳር ቆምን፣ ጆሯችን ቀና።
ስምንት ሰዓት ሲሆን
መጀመሪያ ሽታው፣ የረጠበ ቆዳ፤
ቀጥሎ የቱቦው ሳል፤
ከዚያ ቀለሙ፣ ባትሪዬ ሥር፣ ሰማያዊ ሆኖ
ወደ ጎመኑ ቦይ ሲቀዳ።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ጠርሙሴን ስሞላ፣
እንዲህ አለችኝ፣ ትንሽ ዝም ብላ፦
“ጻፊው፤ አልከለክልሽም።
ግን ልጄ፣ ቁጥሩ የተነገረ ለት
ማንን ነው የሚዘጉት?
ቱቦው አጥር አለው፤ አጥሩ ዘበኛ፣ ዘበኛውም አለቃ፤
የእኔ ጎመን ሜዳ ላይ ነው፣
አንድ ደንብ አስከባሪ ለመንቀል የሚበቃ።
የሚመጡት ወደ እኔ ነው፣ ከሁሉም ቀድመው፣
‘መርዝ ቸርቻሪ’ የሚል ወረቀት አትመው።”

ይሄን ጥያቄ የትኛው ሕንጻ ልውሰደው?
ክሮሚየም ባውቅ፣ አንቀጽ ባውቅ፣
የአንዲት ሴት መደብ ስንት ሚሊግራም ነው?
ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ምዕራፍ አምስት፣ ርእሱ ብቻ አለ፤
“የፖሊሲ ምክረ ሐሳብ” ይላል፤
ከሥሩ ጠቋሚው፣ ብልጭ ድርግም እያለ።

ረስቼው ነው እንጂ፣ ጎህ ሲቀድ ልሄድ ስል
አንድ እቅፍ ጎመን ሰጥታኛለች፤ “ለእናትሽ” ብላ።
እንዴት ይመለሳል? ጤዛው ገና አልደረቀም፤
ከእጇ ስቀበል የእኔን ጓንት አየች፤
አየሁ ማየቷን፤ ምንም አላለችም።

ሰኞ ላብራቶሪ ገባሁ፤
በግራዬ ጠርሙስ፣ በቀኜ ጎመን።
ቴክኒሻኑ ዘውገ ከመነጽሩ በላይ አየኝና
መዝገቡን አነሳ፤
“ጠርሙሱስ እሺ” አለኝ፤ “ይሄኛው፣ ትርሲት፣
ናሙና ነው ወይስ ምሳ?”