የነፋስ ሂሳብ

ሌሊቱን ጦሳ ላይ ነፋስ ሲፎክር አድሮ፣
የይማም ዲሽ ነጋበት ፊቱን ወዲያ አዙሮ።
ኳስ ልናይ አሥር አሥር ብር ከፍለን ገብተን፣
ቧንቧ ውሃ፣ እሱ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ሞልተን፣
ቲቪው ቢከፈት፣ ሜዳ የለ፣ ኳስ የለ፤
ነጭ ገደል ብቻ፣ ጫፉ ላይ ሰው ያለ።
ጫማው ጣውላ ነው፣ ከቁመቱ ይረዝማል፤
ጎንበስ ብሎ ይለቃል፣ እንደ ጥይት ይወርዳል፣
መሬቱ ሲያልቅበት ግን፣
ይሄዳል።

«ገንዘባችን ይመለስ!» አለ አንዱ ተቆጥቶ፤
ሌላው ጫቱን ይዞ ወጣ በሩን ገፍቶ።
አራት ሰው ቀረን።
ይማም ሪሞቱን እንደ ጥፋተኛ ይዞ፣
ሙሄ፣ የአይሱዙው፣ ጥግ ላይ ተክዞ፣
ሉባባ፣ ከጨርቃጨርቅ የሌሊት ፈረቃ፣
ጥጡ ከፀጉሯ ሳይራገፍ፣ ከእንቅልፍ ጋር ተናንቃ፤
እኔም፣ የሚኒባስ ረዳት፣ ዕረፍት የወጣሁ።

ቋንቋው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።
ቀስ እያለ ግን ገባን፤ የቡድን ነው ዝላዩ፣
አራት ሆነው መጥተው፣ ለየብቻ ሊታዩ።
አንዱ አየር ላይ ሳለ ሦስቱ ምን ያደርጋሉ?
አንገት አንጋጠው ከታች ይጸልያሉ።
ከአገር አገር ዞረው፣ ከተራራ ተራራ፣
ነጥባቸውን እንደ ዕቁብ ይጥላሉ በተራ።

ተካፈልናቸው።
ሉባባ ቀጭኑን፣ «የኔ ክር» ያለችውን፤
እኔ ጺማሙን፣ ይማም ልጅ እግሩን፤
ሙሄ ግን መረጠ የመጨረሻውን፣
ሸምገል ያለውን፣ ጉልበቱ የታሰረውን።

«ያ ቀስት ምንድነው?» አለች፣ ከስክሪኑ ጥግ።
ይማም በስልኩ ፈልጎ አነበበልን፦
«ነፋስ ይቆጠራል።
ከፊት ለመጣለት፣ ደግፎታልና፣ ነጥብ ይቀነሳል፤
ከኋላ ለገፋው፣ ጥሎታልና፣ ነጥብ ይካሳል።»

ሙሄ ዞር አለ። «እስቲ ድገመው።» ደገመለት።
«ማነው የሚቆጥረው?»
«ማሽን ነው፣ ገደሉ ዳር የተተከለ።»
«ማንም ሳይለምን?»
«ማንም ሳይለምን።»

ሐረጎን ያውቃታል፣ ጉሟን ከነመዓቷ፣
ሃያ ዓመት ወርዷታል፣ ማርሽ ይዞ በሌሊቷ፤
ሃምሳ ኩንታል ስሚንቶ ከኋላው ሲገፋ፣
ፍሬኑ ሲሸት፣ መንገዱ ከፊቱ ሲጠፋ፣
«ስንት ሰዓት ደረስህ?» ነው ያሉት ኮምቦልቻ፤
መዝገባቸው ላይ ያለው ያው ሰዓቱ ብቻ።

ሉባባም አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል፦
«የኛም አለቃ ጨርቁን በሜትር ነው የሚለካ፤
መብራት የጠፋበትን ሌሊት አይጽፉትም ለካ!»

የሙሄ ሰውዬ ተራው ደረሰ።
ቀስቱ ዞረ፤ ነፋሱ ከጀርባው ነው።
«አብሽር» አለው ሙሄ፣ ለመስታወቱ።
በአዝዋ ገደል አፋፍ እንደሚያንዣብብ ጆፌ
አየሩን ተደገፈው፤ ምራቄ ደረቀ ከአፌ።
አጭር ወደቀ፣ ከመስመሩ ወዲህ፤
ቢሆንም አንድ እግር አስቀድሞ፣ አንድ እግር አስከትሎ፣
ታላቁን ሰላም እንደሚል ሰው፣ ዝቅ ብሎ።
ሦስቱ ሮጡ ወደሱ፣ ቁጥሩን ሳይጠብቁ።
ነፋሱ ተቆጠረ፣ ነጥቡ ተጨመረ፤
አልበቃም። ቡድኑ አራተኛ ቀረ።
«ይሁን» አለ ሙሄ፣ «ተቆጥሮለታል።»

ከሰዓት ይማም ጣሪያ ወጥቶ ዲሹን መለሰው፤
ኳሱ መጣ፣ ጩኸቱ መጣ፣ ቤቱን ሞላው ሰው።
ቀጣዩ ተራራ የት ነበር? ማን ወሰደው ዋንጫውን?
አላየንም።

ሰኞ ንጋት ላይ፣ ሐረጎ ጉም ለብሳ፣
በሩ ላይ ቆሜ ስንወርድ፣ ታጥፈን፣ እንደገና ታጥፈን፣
ሉባባ የኋላው ወንበር ላይ፣ ለሦስት በተሠራው አራተኛ ሆና፣
የሙሄን አይሱዙ ደረስንበት።
ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ መዳፉን ዘርግቶ
አየሩን ይመዝናል።
ስናልፈው፣ «ከኋላ ነው ዛሬ!» ብሎ ጮኸ።
እሷም ከውስጥ፣ አንገቷን አስግጋ፦
«ጽፈነዋል!»