ስድስት አኃዝ

የእድራችን ሣጥን ዋንዛ ነበር፣
ሦስት ጓጉንቸር ያለው፣ ቁልፉ በሦስት ቤት የሚያድር።
ሊቀመንበሩ ብቻውን ቢመጣ፣ ገንዘብ ያዧ ብቻዋን ብትመጣ፣
ሣጥኑ ዝም ነው፤ ሳንቲም ከሆዱ አይወጣ።

ኋላ ምስጡ ገባ፣ ታቹን በላ፤
ገንዘቡ ስልክ ውስጥ ይደር ተባለ፤ «ጸሐፊያችን ወጣት ነህና ፈልግ» አሉኝ «መላ»።
እኔም ሁለት ቁልፍ አበጀሁ፣ ብረት የሌለው፣ ዝገት የማያውቅ፤
አንደኛው ምስጢር ቃል፣ በባሻ ደምሰው ልብ የሚደበቅ፤
ሁለተኛው ስድስት አኃዝ፣ ብሩ ሊወጣ ሲል ብቻ የሚላክ፣
ደርሶ የሚጮኽ በእትዬ ይመኙሻል ስልክ።

«ይህን ቁጥር ለማንም» አልኳት «ለባንክ ነኝ ባይም፣ ለኔም፤
አንዴ ካፍሽ ካመለጠ፣ በገመድ ስበሽ አትመልሺውም።»
የነጠላዋን ጫፍ ቋጠረችና ሳቀችብኝ፤
ቃሌን ይሁን ቁጥሩን የቋጠረችው፣ አልነገረችኝ።

በጥቅምት አንዱ ደወለ፣ ድምፁ ማር፤ «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነኝ፣ እናቴ፤
በስሕተት ቁጥር ተልኮብዎታል፣ ያንብቡልኝ በሞቴ!»
«በስሕተት የመጣ» አለችው «እንዲሁ ይጥፋ፤
ሰንጋ እንኳ በጅሩ ገበያ ጥርሱ ሳይታይ አይሸጥም፣ የቱን ያህል ቢፋፋ።»
ያን ሰሞን እነዋሪ ሳቀ። እኔም በተማሪዬ ኮራሁ።

ሞት ግን ቀጠሮ አይዝም፣ ገንዘብ ያዥ መኖሯን አይቶ አይመጣ፤
ጋሽ ወንድአፈራው አረፈ፣ በኅዳር ሌሊት፣ ውርጩ እርሻውን ሲያነጣ።
እትዬ ይመኙሻል ጀማ ወርዳለች፣ አራስ ልጇን ልትጠይቅ፤
ገደሉ ሥር ኔትወርክ የለም፤ ስልክ እዚያ ባትሪ ነው፣ ማታ በረት የሚያስጠብቅ።
ሣጥን ሠሪው፣ እህል ነጋዴው፣ መቃብር ቆፋሪው፤ ሁሉም በብር።
ባሻ ቃሉን አስገቡ። ስልኩ «ስድስት አኃዝ» አለ።
ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

ልጅ ሰደድንባት። ጎህ ሲቀድ ከገደሉ ወገብ ደወለች፤
መልእክቱ ሁሉ ባንዴ ወርዶባት፣ «ሦስት ጊዜ ጮኸብኝ» አለች።
«ቁጥሩን በይ!» አሏት ባሻ «ሬሳ ተጋድሟል፣ አትዘግዪ!»
«ድምፅዎን አውቀዋለሁ፤ ድምፅ ግን ይዋሳል። ጸሐፊው ብሎኛል፣ ለማንም እንዳትዪ።»
ስልኩን ነጠቅኳቸው። «እኔ ነኝ እኮ፣ ያስተማርኩሽ እኔው!»
«‹ለኔም› ያልከኝ አንተ አይደለህ? እየመጣሁ ነው።»

ዘጋችው።

አራት ሰዓት ዳገት።
ያን ጠዋት ረገምኩት ጥበቤን፣ ሁለት ቁልፍ ማበጀቴን፣
እህል ነጋዴው ደጅ መቆሜን፣ በዱቤ ስጠን ማለቴን።
ሣጥን ሠሪው ግን «ወንድአፈራው ነው?» አለና መዶሻውን አነሣ፤
ስለ ብሩ ትንፍሽ ሳይል፣ ቁመቱን ብቻ ጠየቀኝ፣ ሌላውን እንደ ረሳ።

ደረሰች። እግሯ አቧራ፣ ከንፈሯ ክው ብሎ ደርቆ።
ወደ ለቅሶው አይደለም፣ በቀጥታ ወደ እድር ቤት።
የሌሊቱ ቁጥር ጊዜው አልፎ ሞቷል፤ እንደገና ጠየቅን፣ ደግሞ መጣላት።
ስልኩን በነጠላዋ ጋርዳ፣ ከባሻም ከኔም ሰውራ፣
ስድስቱን አንድ ባንድ ነካች፣ ከምስር ጠጠር እንደምትለቅም፣ ጣቷን አሹላ፣ ቆጥራ።

ብሩ ወጣ።
ያኔ ነው ነጠላዋን አዘቅዝቃ የጮኸችው።
አበልጇ ነበር ሟቹ። ይህን የረሳሁ እኔ ነኝ፣
በስልክ ስጮኽባት፣ ስድስት ቁጥር ስለምናት፣
እሷ እንባዋን እንደያዘች ዳገቱ ላይ ሳለች።

በወሩ ስብሰባ፣ ለክፉ ቀን ጥቂት ብር ይቀመጥ ተባለ፣ በእጅ፤
ቁልፉ ግን እንዳለ ይቆይ፣ በይመኙሻል ደጅ።
የዋንዛው ሣጥን ዛሬ እድር ቤቱ ጥግ ነው፣ ዶሮ ታቅፋበታለች።
ቋጠሮውን ፈትታው እንደሆነ
እስካሁን አልጠየቅኳትም።