ከሦስት ኩንታል ውስጥ

ቅዳሜ ገበያ አፍ ነኝ፤ ቀኑ ግን ማክሰኞ።

መሰላሌን አቁሜ በመብራቱ እንጨት ላይ፣
ጣት የምታህል ቱቦ፣ አፏ ወደ ምድር፣ ቆቧ ወደ ሰማይ፣
በሽቦ ሳስራት ከሰው ቁመት በላይ፣
ትርንጎ ሎሚ ሻጯ ዣንጥላዋን ገፍታ፣
«ለማን ነው ክታቡ?» አለችኝ በጨዋታ።

«ለከተማው» አልኳት፤ አልዋሸሁም ከቶ፤
የደብተራው ክታብ ተጽፎ ነው እንጂ፣ በቆዳ ተሰፍቶ፣
አንገት ላይ የሚውል። ይኸኛው ግን ሌላ፤
አስቀድሞ ታስሮ የሚጻፍ በኋላ።
ፓምፕ የላት፣ ባትሪ የላት፤ ሳምንቱን በሙሉ
ዝም ብላ ትቀበላለች፤ አይሱዙም ሚኒባስም ሽቅብ ሲያቃስቱ ሲውሉ።
ማራኪ ወስጄ ጠብታ ሳክልባት፣
ሮዝ ሆኖ ይወጣል ጢስ የጻፈባት።

በሌላው ማክሰኞ «ስንት ያዘ?» አለችኝ።
«ሃያ ስድስት።»
            «ከስንት?»
                      «ከቢሊዮን።»
                                 አየችኝ፤
ዋጋ እንደሚያጣጥል ገዢ ታዘበችኝ።

ለእኔም ቢሊዮን ማለት ባዶ ቃል ነበረ።
አንድ ቀን ግን፣ ሥራ ጠፍቶ፣ መብራት ኖሮ፣ እጄ ጤፍ ቆጠረ፤
መቶ ፍሬ ብቻ፣ በስሱ ሚዛን ላይ፤
አባዛሁ፣ ደመርኩ፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ፤
ሦስት ኩንታል ወጣ። በሦስት ጆንያ
ነጭ ጤፍ ሞልቼ፣ ሃያ ስድስት ጥቁር ፍሬ ብጥል ከዚያ፣
የእኔ ሥራ ማለት እነሱን ፍለጋ።
ሰርገኛ አያሰኙት፣ አይቀንሱት ዋጋ፣
ወንፊት አይለያቸው፣ ዓይንም አይለቅማቸው፤
ሳንባ ግን ወፍጮ ነው፣ ሳይመርጥ የሚፈጫቸው።

ይህን ስነግራት ሎሚዋን አቁማ፣
«ታዲያ ለቅመሽ ጣያቸዋ!» አለችኝ አስረግማ።
«መቁጠር ነው ሥራዬ» አልኩ።
ለራሴም ጆሮዬ ደስ ሳይለው ሰማሁ።

ከዚያ በኅዳር ወር መንገዱ ተዘጋ።
ከመተማም፣ ከባሕር ዳርም፣ ቦቴ የሚባል ነገር አልመጣም ሲነጋ።
አሥራ ስድስት ቀን። ባጃጆች በየደጁ ቆሙ፤
ሸራ ተከናንበው፣ ልክ እንደታመሙ።
የወፍጮው ድምፅ የለም፤ ሎሚም አልመጣችም፤
የትርንጎ ዣንጥላ ምሰሶው ሥር የለችም።
እኔ ብቻ በእግሬ፣ መሰላል ተሸክሜ፣
ቱቦዬን ቀየርኩ በባዶ አስፋልት ቆሜ።
ጎሃ አናት ወጥቶ ወደ ደቡብ ላየ፣
ጣና እንደ ምላጭ፣ ቀጭን ሆኖ ታየ።

ውጤቱ ሲነበብ፦ ሦስት። ሦስት ብቻ።
በአምስት ዓመት መዝገቤ አላገኝም አቻ።
ዶክተር ይስማው አይተው፣ መነጽር አውልቀው፣
«መነሻ ልክ አገኘን» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ አለ፤ «ማስታወሻ» ይላል፤
ዝናብ፣ ንፋስ፣ አቧራ፣ እዚያ ይሞላል።
እኔስ ምን ልሙላበት? የጎረቤቴ የባየልኝ ባጃጅ ደጃችን መቆሟን?
ሚስቱ በምጧ ሌት፣ በሰው ትከሻ ላይ፣ ሆስፒታል መሄዷን?
ቀሃ ድልድይ ላይ፣ ሳይደርሱ፣ ያ ሕፃን መውጣቱን፣
ከሁላችን ይልቅ ንጹሕ አየር ስቦ፣ መጮህ መጀመሩን?
ዓምዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ቃል ከገባ ይሞላል።
«ትራፊክ የለም» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ይባላል።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ሌሊት ለንጋት ሲቀርብ፣
ባየልኝ ቁልፉን አዞረ፤ ባጃጇ ሳለች፣ ዝም አለች፣ ደግማ ሳለች፣ ከመስኮቴ አጠገብ።
ሰማያዊው ጢሷ ተሽሎክሉኮ ገባ፤
ልዘጋ ተነሥቼ፣ እጀታውን ይዤ ቆምኩ እንደ ሌባ።
ከዚያ ወለል አድርጌ፣ ሳልኩና ሳልኩና፣
መሰላሌን ይዤ ወጣሁ፤ ማክሰኞ ነውና።