ሹዟ የጠፋባት

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል፣ ከኮምቦልቻ መናኸሪያ በር፣
«ደሴ! አንድ ሰው! ደሴ!» እያልሁ ስዞር፣
ጋቢና ላይ ነጃት አለች፣ የሾፌሩ ልጅ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣
ዓይኗ ገና እንቅልፍ ላይ፣ ጉንጯ በዳቦ ተነፍታ።
ፍላሹን ትሰካለች።
አለቀ። ከዚያ ወዲያ የመኪናው ባለቤት እሷ ነች።

እንቁራሪት ናት አሉ፣ ጫማዋ የጠፋባት፣
በእንግሊዝኛ ታለቅሳለች፣ ከበሮ እየመቱላት።
ወደ ግራ ትዘላለች፤ የለም።
ወደ ቀኝ ትዘላለች፤ የለም።
ቀስ ትላለች፣ ታዳምጣለች፣
ደግሞ ከግራ ትጀምራለች።

«ዜና የለም ወይ? መንዙማስ?» ይላል የሽንኩርት ነጋዴ፣
«ቀን በእንቁራሪት ይጀመራል እንዴ?»
ጋሽ ሙሄ በመስታወቱ አየት አድርጎ፣
«ትምህርት ነው» ይላል። ይኸው ነው። ይጀምራል ሐረጎ።

በሳምንቱ ያው ነጋዴ፣ ሒሳብ ስቀበለው፣
በጣቱ ጉልበቱን እየመታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣
«ሹዟ እስካሁን አልተገኘም?» አለኝ።
መልስ መስጠቱ ቸገረኝ።

እኔና እንግሊዝኛ የተጣላነው አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣
ቲቸር ሸጋው «ራይት ሃንድ!» ሲሉ እኔ ግራዬን አነሣሁ።
ክፍሉ ሳቀ። አርጩሜው መዳፌ ላይ አረፈ። የቀረውን ረሳሁ።
ቋንቋ ማለት ከዚያ ወዲህ መዳፍ የሚለበልብ እሳት፣
እስክትመጣ ድረስ ያቺ እንቁራሪት።

አንድ ቀን ለነጃት «ገባኝ» አልኋት፣ «ምስጢሩ፣
ፎግ ላይት ቀይሬ የለ? ፎግ ጉም ነው። ስለ ሐረጎ ነው ነገሩ።»
ዳቦው ከአፏ እስኪረግፍ ሳቀች። «ፍሮግ! ሮ አለበት!
ፍሮግ ኩሬ ውስጥ ናት። ፎግ ያው፣ አንተ ያለህበት!»

መጋቢት ላይ ነው፣ የበልግ ዝናብ ያደረ ለት፣
ሐረጎን ስናጋምሰው ጉሙ ወረደበት፣
የፋብሪካው ጥጥ ሁሉ ከበላያችን የተዘረገፈ ይመስል።
መንገዱ ከገደሉ አይለይ፣ ገደሉ ከመንገዱ አይነጠል።
ፎግ ላይቱ አንድ ክንድ ሳይሄድ ብርሃኑ ተመለሰ።
የጋሽ ሙሄ እጅ መሪው ላይ ደረቀ።
ከኋላ «ያ ረቢ» ተባለ፣ «እመብርሃን» ተባለ፣ አንድ ሕፃን ሳቀ።

ወረድሁ። ባትሪዬን ይዤ፣ በእግሬ፣ ከመኪናው ፊት፣
የአስፋልቱን ነጭ መስመር በነጠላ ጫማዬ እየዳሰስሁት።
ግን ምን ብዬ ልጣራ?
ዛሬም ስፈራ ይምታታብኛል ቀኝና ግራ።

ነጃት መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።
ያለ ፍላሽ፣ ያለ ከበሮ፣ በቀጭን ድምፅ፣ እንቁራሪቷን ጠራች።
እግሬ ቀድሞኝ ዘለለ።
አፌ የማያውቀውን፣ እግሬ ለካ ሲያጠና ከርሞ ኖሯል፣ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ።
«ሌፍት!» አልሁ፣ እኔ ጢም ያወጣሁ፣ ኪራይ የምከፍል ሰውዬ፣
በጉም መካከል እንደ እንቁራሪት ዘልዬ።
«ሌፍት!» አለ የኋላ ወንበር።
«ስሎው! ስሎው!» ነጋዴው፣ እሱም ከልቡ ነበር።
«ራይት!» ስል ባትሪውን ቀኝ እጄ ወደ ላይ አነሣው፣
መዳፌን የነካው ማንም የለም፤ ጤዛ ብቻ ነው።

እንዲህ እያልን፣ አንድ ኩርባ፣ ሌላ ኩርባ፣
ሰው ሁሉ ሲዘል፣ ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ጎማው ቀስ ብሎ ሲገባ፣
ድንገት ጉሙ ከወገቡ ተቀደደ፣
ጦሳ ራሱን አወጣ። ጋሽ ሙሄ ማርሽ ቀየረና ነዳ።

ደሴ ስንደርስ ማንም ስለዚያ አላወራም።
ሒሳብ ሰበሰብሁ፤ ነጋዴው መልስ አልጠየቀም፣ አልተጣላም።
ነጃት ብቻ፣ ቦርሳዋን አንግታ ስትወርድ፣ እግሬን አይታ ቀረች፣
ከእግሬ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ እግሬ፣ አፏን በእጇ ያዘች።
ጎንበስ ብዬ አየሁ፦
አንዷ አለች። ጭቃ ለብሳ።
ሌላዋን ሐረጎ ላይ ጥያታለሁ።
ነጠላ ጫማዬ እውነትም ነጠላ ሆነች።
የእንቁራሪቷንስ እንጃ። የእኔዋ ግን እዚያ ናት፣
ሦስተኛው ኩርባ፣ ሌፍት።