የእንቁራሪቷ ወረፋ

ነሐሴ ሲጋመስ፣ ቀሃ ሞልቶ ሲያጓራ፣
በሱቄ በር ሥር ገባች፣ ከጎርፉ ጋራ፤
አውራ ጣት የማታክል፣ ጀርባዋ ቅጠልያ፣
ከመስታወት ስባሪ መሀል፣ ያለ አንዳች መጠለያ።

እኔ መስታወት ቆራጭ ነኝ፣ ሳሙና በር አፋፍ፣
የሰው መስኮት ስለካ የኖርኩ፣ በአልማዝ ጫፍ፤
ለእግሯ ፈራሁላት።
በጋዜጣ ጥቅልል አንስቼ፣ ጣሳ ውስጥ ከተትኳት።

ከትርፍራፊ ቁራጭ አራት ጎንና ወለል፣
በሲሊኮን አጣብቄ፣ ሁለት ቀን አቆየሁት፣ ከሰው ዓይን ገለል፤
የኮምጣጤ ሽታው ሳይለቅ አላስገባም፤ ቆዳዋ ነው አፍንጫዋ፣
ቆዳዋ ነው አፏም ጭምር፣ ሆዷ ነው ብርጭቆዋ።

ከታች የቀሃን ጠጠር፣ ደጋግሜ አጥቤ፣
በላዩ የከሰል ድቃቂ፣ በጨርቅ ደርቤ፣
ከዚያ ጥቁር አፈር፣ ማዳበሪያ ያልነካው፣
ከዚያ እርጥብ አረንጓዴ ለምድ፣ ከአሮጌ ካብ የላጥኩት፣ ፀሐይ የማያውቀው።
ክዳኑ የወባ አጎበር፣ እህቴ ከደምቢያ የሰጠችኝ፤
ትንኝ እሷን እንዳይበላት ነበር፤ አሁን ትንኝ እንዳያመልጠኝ።

ውሃው ነው ጣጣው።
የሰፈሩ ቧንቧ በወር ሁለቴ ነው የሚመጣው፤
ሲመጣም በረኪና በረኪና ይላል፣
ሰው ይችለዋል፤ የሷ ገላ ግን ይቃጠላል።
በሳፋ ክፍቱን አሳድሬ፣ ሽታው እስኪተን ድረስ፣
ጠዋት አንድ ሊትር ለሷ፤ ለኔ ከሥሩ ሲደርስ።

እትዬ ውዳላት አየችኝ፣ ከግድግዳው ማዶ፦
«እኛ ጀሪካን ደርድረን አንጀታችን ነዶ፣
አሥራ አምስት ቀን ወረፋ!
ላንተዋ እንቁራሪት ይኸው መዋኛ ሳፋ!
ነገ ዝሆን ልሁን ብላ ተነፍታ ትፈነዳለች።»
«ዝሆን አይታ አታውቅም» አልኳት፤ «አንቺን ብቻ አይታለች።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ጎኑን እጠርጋለሁ፣ ያለ ሳሙና፣
በሳሙና በር ሰፈር ሳሙና እርም ሆነና።
የሞተ ዝንብ አታይም፤ ሲንቀሳቀስ ነው ምግብ፤
ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ በጠርሙስ ሳጠምድ ዝንብ፣
ሰው አበደ ይለኛል።

ማታ ማታ ትነቃለች፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ።
ሠላሳ ዓመት ለሰው መስኮት መስታወት ገጠምኩ፣
ከወዲያው የሚተነፍሰውን ገና ዘንድሮ ተመለከትኩ።

ጥር ላይ፣ የፋሲል መዋኛ ሞልቶ ጎረምሳ ሲዘል ሲጠልቅ፣
አንድ ጠርሙስ ቀድቼላት ነበር፤ የስንት ሰው ቅባት አለበት፣ ማን ያውቅ?
ከጽድ ሥር አፈሰስኩት፣ ይቅር በለኝ እያልኩ።

ግንቦት መጣ። ቧንቧው ሃያ ሁለት ቀን ዝም አለ።
ሳፋው ደረቀ፤ ለምዱ ጠውልጎ ገለባ መሰለ፤
እሷም ከሸክላ ስባሪ ሥር ገባች፣ ዓይኗን ጨፍና።
የመጠጤን ብርጭቆ ለሁለት ከፈልኩና
ሳጠጣት፣ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ውዳላት፣ በነጠላዋ ጫፍ
ጣሳ ሸፍና ቆማለች፤ ጢም ያለ እስከ አፍ።
«ክፍቱን ያደረ ነው» አለች፤ «በረኪናው ወጥቷል።
ላንተ አይደለም።»
ሳትቀመጥ ሄደች።

ሰኔ በሁለት ሌሊት ጮኸች፣ ዘይት እንደጠማው ማጠፊያ፤
የሚጮኸው ወንዱ ነው አሉ፤ እኔ ግን እስካሁን «እሷ» እላለሁ፣ ምን ያደርጋል ማረሚያ።
ጎህ ሳይቀድ ቆርቆሮው ላይ ጠብ አለ፣ አርፎ አርፎ፤
ባልዲው፣ ሳፋው፣ ድስቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ወጣ ተሰልፎ።

ከዚያ ወዲህ መሸት ሲል ግድግዳዬ ይመታል፦
«ዛሬስ ምን አለች?»
«ዝም ብላለች።
ባልዲሽን አታውጪ።»