«ሌላ» የሚለው ዓምድ

ቦርከና ድልድይ ጫፍ፣ ከላስቲክ ወንበሬ፣
ከንጋቱ አሥራ ሁለት ጀምሬ
እቆጥራለሁ፤
አራት ጭረት አቁሜ አምስተኛዋን አጋድማለሁ።

ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣
ፍሬናቸው እየሸተተ ከሐረጎ ቁልቁል የሚጓዙ፣
ከደረቅ ወደቡ ኮንቴነር ጭነው የሚወጡ ተሳቢዎች፣
ሁሉም በቅጹ ላይ አላቸው ዓምዶች።

የሸህ ሙሄ ጋሪ ግን ዓምድ የለውም፤
ጭራሮ ያዘለችው ሴትም፣
ከፋብሪካ ሽፍት ወጥተው እንደ ጎርፍ የሚሻገሩት ልጆችም።
«ሌላ» በሚለው ጥግ አጨናንቄ አሰፈርኳቸው፤
እዚያም መንገዱ ጠበባቸው።

ማታ ኢንጂነር ይማም መጣ፤ ካልኩሌተሩን አወጣ፤
«በዕድገቱ አባዢው፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ስንት ይሆን የሚመጣ?»
ያልተገጣጠመ መኪና፣ ያልተወለደ ሹፌር፣
ከቁጥሩ ውስጥ ተሰልፎ ጡሩምባ ይነፋ ጀመር።
መንገዱ ወረቀት ላይ ሰፋ፤
ሁለት መስመር ስድስት ሆነ፤ የአጥራችን ቆርቆሮ ጠፋ።
ቀዩ መስመር፣ ጫማ ሳያወልቅ እንደሚገባ እንግዳ፣
በሎሚው ዛፍ በኩል አልፎ ቆመ ከእናቴ ጓዳ።

በማግስቱ አንድ ሲኖትራክ ሲያልፍ እርሳሴን ከወረቀት አነሳሁ፤
ረሳሁ።
አልረሳሁም።
አንዲት ጭረት ብትቀር በሃያ ዓመት ስንት ክንድ ግቢ ታተርፋለች?

ወዲያው አምቡላንስ መጣ፤ በሁለት ተሳቢ መሃል ተወትፎ
ይጮኻል፤ ማን ያሳልፈው? ወዴትስ አልፎ?
በመስኮቱ የአንዲት ሴት እጅ፣ ከመስተዋቱ ተለጥፎ።

አምቡላንሱን ጻፍኩ።
የዘለልኩትን ሲኖትራክ መልሼ ጨመርኩ።
ማታ ግን፣ «ሌላ» በሚለው ዓምድ፣
ከጋሪው አጠገብ፣
አንድ የሎሚ ዛፍ ቆጠርኩ።