ሰባት ሰከንድ

ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ፣ ተጫዋች በወደቀ ጊዜ፣
ሮጬ የምገባው እኔ ነኝ፣ መወልወያዬን ይዤ።
ሰባት ሰከንድ አለችኝ፤ ላቡን ከእንጨቱ አብሼ
ጎንበስ እንዳልኩ እወጣለሁ፣ ወደ ጥጌ ተመልሼ።

ሻርጃ ነው። ሐሙስ ማታ። የኮሌጁ ጂም ጢም ብሏል።
ውጪ መነጽር የሚያደበዝዝ ወበቅ፣ ውስጥ ኤሲው ያንዘፈዝፋል።
ሶሪያዊው ኑማን ከበሮውን ከወንበር ስር ያወጣል፣
የኬረላው ጥበቃ ቢጁ በሩን ትቶ ይመጣል፣
ዘምዘም የአሠሪዎቿን ልጅ፣ «ጨዋታ ላሳየው» ብላ፣
ከላይ፣ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ፎጣውን እንደ ባንዲራ ሰቅላ።
ያ ሁሉ ሰው አንድ ስም ነው የሚጠራው፦
ቱት! ቱት! ቱት!
አል ዋህዳ መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ
ጥሩምባ የሚነፋ ይመስል።

ቱት ጋትኩዎት። የኢታንግ ልጅ። አስራ አራት ቁጥር።
በር የሚያስጎነብሰው ቁመት፣ ጫማው አርባ ዘጠኝ፣
በመጣ በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ» ብሎ ሰላም ያለኝ።
ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት «አንተ» ነበርኩ።

አንድ ማክሰኞ ብቻውን ሲወረውር አምሽቶ፣
እኔም መብራት ላጠፋ ስጠብቅ፣ ኳሷን መሬት ላይ ትቶ
«ጋሼ፣ ልሄድ ነው» አለኝ። «ፈረምኩ። የዶሃ ክለብ ነው።»
«ትምህርቱስ? ሁለት ዓመት ቀርቶህ? ዋንጫውስ?»
ጉልበቱን በመዳፉ ሸፈነ፣ እንደ ሕፃን ጭንቅላት።
«ጉልበት ነው የምሸጠው ጋሼ፤
ሳይሰበር ነው ገበያው።»
በአማርኛ ነበር የነገረኝ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል
ምስጢር የሚያስቀምጥበት ጓዳ ሆኖለት ይሆናል።

ሦስት ጨዋታ ምስጢሩን ከመወልወያው ጋር ጨምቄ፣
«ቱት!» ሲሉ አብሬ ጮኽኩ፣ ከሁሉም ቀድሜ አውቄ።

ለዋንጫው አስራ ሁለት ቀን ሲቀረው ወሬው ወጣ።
ኑማን ከበሮውን ገልብጦ እንደ በርጩማ ተቀመጠበት፣
አንዱ ፖስተሩን ከመግቢያው ቀዶ አንድ ዓይን ብቻ አስቀረበት።
«ከሃዲ!» አለ የምህንድስናው ልጅ፣ ማሊያውን አውልቆ ጥሎ፤
«ማን ነበር የሚያውቀው? እኛ አይደለን ያገነንነው?» ብሎ።
ቢጁ «ደግ አደረገ» አለና፣ ወዲያው ደግሞ ተቆጣ፦
«ቢያንስ ዋንጫውን በልቶ ቢሄድ! ሰው ከግማሽ እንዴት ይወጣ?»
ዘምዘም ግን፣ ልጁ እንቅልፍ ወስዶት በትከሻዋ፣
«ዶሃ ባሕር አለው?» አለችኝ። ይቺው ነበረች ጥያቄዋ።

ግማሽ፣ አልኩ በልቤ። የቢጁ ቤት፣ ኬረላ፣ ጣሪያ የለውም።
ዘምዘም ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሯን የዘጋችበትን ገጽ አትረሳውም።
እኔም ኮምቦልቻ፣ እስከ መስኮቱ ደርሶ የቆመ ግድግዳ አለኝ፤
በየዓመቱ ብር እልካለሁ፤
ብሎኬቱ ግን ከቱት በላይ ይዘላል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም።
ሲሰናበተኝ እጄን ጨብጦ፣ እጄ ሳሙና ነበር፣
አሙለጨለጨው። በቃ። እንደዚያ ነው የተለያየነው።
አሁንም አንዳንዴ «ጋሼ» የሚል ድምፅ ሰምቼ እዞራለሁ፤
የኤሲው ማራገቢያ ነው።

የዋንጫው ዕለት በሁለት ነጥብ ተሸነፍን።
ሰዉ ሲወጣ ስሙን በክፉም በደጉም አላነሳም፤
ወንበር ሲታጠፍ ብቻ ነበር የሚሰማው፣ ጧ፣ ጧ፣ እስከ በሩ።

ጂሙ ባዶ ሲሆን ገባሁ።
ከቅርጫቱ በስተግራ፣ ዘሎ ሲመለስ የሚወድቅባት ቦታ አለች፤
ቀለሟ ከሌላው ወለል ትንሽ የነጣች።
ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ነካኋት። ደረቅ ናት።

ቢሆንም ሰባት ሰከንዷን ሰጠኋት።